የእሑድ አራት ሰዓት ዝናብ

ሰው በይሉኝታ የሚያጠፋውን ጉልበት አጠራቅሞ ቢሠራበት አገር ያቀና ነበር። እኛ ዘንድ አንድ ቃል ላለመናገር ሲባል የማይሠራ ሥራ የለም። አንዱ የጠበበው የስጦታ ጫማ ጣቱን እየላጠው፣ ልክክ ብሎልኛል እያለ ያመሰግናል። ሌላው የጎረቤቱ ዶሮ ጓሮውን ብትጭርበት ለባለቤቷ ከመንገር ይልቅ ሳምንት ሙሉ አጥር ሲያጥር ይከርማል። እኔ ደግሞ ለአማቴ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላለመናገር የኮምፒዩተር ፕሮግራም አስተካከልኩ። ታዲያ በምን እሻላለሁ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። አንድ የማውቀው የውጭ አገር ተመራማሪ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አንዲት አነስተኛ የአየር ሁኔታ መለኪያ ትቶልኝ ሄደ። ምሰሶ ላይ የምትቆም ናት፤ ነፋስ ሲነካቸው የሚሽከረከሩ ሦስት ኩባያዎች አሏት፣ ከአናቷ ላይ ደግሞ ዝናብ የሚቀበል አፉ የተከፈተ ጣሳ የመሰለ ነገር። ለካ በየአገሩ እንዲህ ያለ መሣሪያ ጣሪያቸው ላይ ሰቅለው የየደጃፋቸውን ዝናብ በኢንተርኔት የሚለዋወጡ ሰዎች አሉ። ምን ያደርግላቸዋል? እንጃ። እኔም ግን ተለከፍኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ ተቀምጬ፣ ልኬቱን በየአሥር ደቂቃው ተቀብሎ ድረ ገጽ ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍኩ። ባለቤቴ ስንዱ በእነዚያ ሁለት ክረምቶች የት እንደነበርኩ እስካሁን ትጠይቀኛለች።

መሣሪያዋ ገላጣ ቦታ ትፈልጋለች፤ የእኛ ግቢ ደግሞ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከስንዱ አባት ከቄስ ይርጋ ግቢ ተከልናት። መብራትም ኔትወርክም ደርሷቸዋል። ያረጀ ላፕቶፔን ከጎታው አጠገብ አስቀመጥኩት። መቼም ካህን አማት ቆመው እያዩ ሥራ ዝም ብሎ አይጀመርምና፣ አባ ይባርኩልኝ አልኳቸው። ባረኩልኝ፤ ጠበልም ረጩባት። ይህቺን ያዙልኝ።

አማቴ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ነገ ይዘንባል አይዘንብም ትላለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይ አባ፣ እሷ የምትናገረው የዘነበውን ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡበትና፣ በዘነበውማ እኔም እበሰብስ የለ እንዴ አሉ። እያደር ግን ጥቅሟ ታያቸው። ደብረ ማርቆስ በመጡ ቁጥር ደጃቸው ይዝነብ አይዝነብ ከስልኬ ላይ አይቼ እነግራቸዋለሁ፤ ወደ ቤት ሲደውሉ እውነት ሆኖ ይገኛል። ለደብሩ ካህናት ሁሉ፣ ልጄ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ የእኔን ደጅ ያያል እያሉ ያወሩ ጀመር። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደረቴ ተነፋ።

ጉዱ የመጣው በጋው ሲገባ ነው። ሰኞ ዝናብ የለም፣ ማክሰኞ የለም፤ እሑድ አራት ሰዓት ሲሆን በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሚሊሜትር። በሳምንቱም እሑድ አራት ሰዓት፣ ሁለት ሚሊሜትር። የፕሮግራሜን ኮድ በሰንበሌጥ ውስጥ የጠፋ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩት፤ ስህተት የለበትም። እሑድ እሑድ እየደወልኩ፣ አባ መሣሪያዋ ደህና ናት ወይ እላለሁ። ደህና ናት፣ አታስብ ይሉኛል። ይባስ ብሎ አንድ እንደኔው የተለከፈ ሆላንዳዊ ጡረተኛ፣ በእናንተ አገር ዝናብ ሰንበት ያከብራል ወይ ብሎ ጻፈልኝ። የተራራ ጠባይ ነው ብዬ መለስኩለት። ምን ልበል?

አንዱን እሑድ ራሴ ሄድኩና ደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጬ መጠበቅ ያዝኩ። አማቴ ከቅዳሴ ተመለሱ፤ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ቤቱን ረጩ። በሬዎቹን ረጩ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ መሣሪያዋ ሄዱና፣ በስመ አብ ብለው አንድ ጣሳ ሙሉ ጠበል ከአናቷ ላይ ቸለሱባት። ዘወር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ጀግናው ምን አደረግሁ? ብድግ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እኔንም ፊቴን ረጩኝ።

አባ፣ እሷን እንኳ ይተዉዋት፣ ጠበሉ ልኬቱን ያበላሽብኛል። ይኸው፣ ይህቺው ናት መባል የነበረባት። ግን ካህን አማትን ጠበል አይርጩ ማለት በየትኛው አፍ? ስንዱን ንገሪልኝ ብላት፣ እኔ የለሁበትም አለችኝ። ደብረ ማርቆስ ተመለስኩና ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ እሑድ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የሚመጣ ዝናብ አይቆጠር የምትል። የሰንበቱ ዝናብ ቀጥ አለ። በብልሃቴ ሁለት ቀን ኮራሁ፤ ከዚያ መስመሯን ጭራሽ ረሳኋት።

ጥር ላይ የልጃችን ሰማንያ ቀን ሞላና ክርስትናዋ እሑድ ሆነ። አማቴ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘው ዋዜማውን መጡ፤ ልባቸው ግን አውድማ ላይ ነበር የቀረው። የዓመት ጉርሻቸው፣ ያውም ማኛ ጤፍ፣ ተወቅቶ ገና ከገለባው ሳይለይ ሜዳ ላይ ተቆልሏል፤ ሰኞ መንደሩ በጅጌ ሊያግዛቸው ነው። ሸራ ቢለብስ ይታፈናል ብለው ገልጠውት መጥተዋል። ጎረቤታቸው አያ ውበቱ በዚያ እሑድ ማዶ ካለው መንደር ለማኅበር ይውላል፤ ከደወሉልኝ በግማሽ ሰዓት ደርሼ አለብሰዋለሁ ብሏቸዋል።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እንግዳው ቦታ ቦታውን ሲይዝ አራት ሰዓት ሆነ። አማቴ በመስኮት ወደ አማኑኤል በኩል አዩ። ጠቆር ብሏል። ልጄ፣ እስቲ ያቺን ነገር እያት፣ ውበቱን ልጥራው ወይ አሉኝ። እንግዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስልኬን አወጣሁ፤ ዜሮ ይላል። ጠብ አላለም አባ አልኳቸው። ጥቂት ቆይተው ደገሙኝ። አሁንም ዜሮ ነው። ለማንኛውም ብደውልለትስ ሲሉ ደግሞ ክብሬ ተነካ። አባ፣ እሷ አትሳሳትም፣ ሰውየውን ከማኅበሩ ለምን ያስነሱታል አልኩ። አመኑኝና እጃቸውን ታጠቡ።

አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ እንዲያው ልኩራራ ብዬ ስልኬን ብከፍት አሥራ አራት ሚሊሜትር ይላል። ያን ጊዜ ያቺ መስመር ትዝ አለችኝ። እዚያ ሲያካፋ፣ ሲያካፋ ቆይቶ ነው የለየለት፤ የእኔ ማሽን ግን እስከ አምስት ሰዓት ዝም በይ ተብላ ዝም ብላለች። አባ፣ ለአያ ውበቱ ይደውሉለት አልኳቸው። አያ ውበቱ ሲደርስ ጤፉ ገንፎ ሆኖ ጠበቀው። አፈርኩ፤ በልጄ ክርስትና ቀን እንደዚያ ያፈረ አባት ያለ አይመስለኝም።

ሰኞ ጅጌው መጣ፤ እኔም መጣሁ። ተንበርክከን እርጥቡን ጤፍ በእጃችን እያፍታታን ሸራና ቁርበት ላይ እናሰጣለን። ነጩ ማኛ ሰርገኛ መስሏል። ከአማቴ ጎን ሆኜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠበሉን፣ መስመሯን፣ ማፈሬን። እጃቸውን ጤፉ ውስጥ እንደ ከተቱ ቀሩ። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው አሉኝ። በተከልናት ቀን ይባርኩልኝ አልከኝ። ከዚያ እሑድ በመጣ ቁጥር እየደወልክ ደህና ናት ወይ ስትል፣ ጠበሏን አስታጎሉባት ወይ ማለትህ መሰለኝ። ያን ቀንም መጥተህ አንገትህን ስትደፋ፣ ይሄ ልጅ ለካ ሊቆጣጠረኝ ነው የመጣው አልኩ። ያን ጀሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ወገቤ ይቆረጣል፤ ብተወው ትቀየመኛለህ ብዬ ነው አሉ።

ተያይተን ሳቅን፤ ሳቁ ግን ጤፉን አላደረቀውም። እዚያው ተስማማን። እሳቸው ጠበሉን ሊተዉ፣ እኔ መስመሯን ላጠፋ፣ ከእንግዲህ ደግሞ የሆዳችንን በግልጽ ልንነጋገር። መስመሯን ማታውን አጠፋኋት።

በሳምንቱ እሑድ አራት ሰዓት ላይ ገጹን ከፈትኩ። ሁለት ሚሊሜትር። ጤፉ ገና እንደ ተሰጣ ነው። በመስኮት ወደ አማኑኤል ባይ፣ ደመና አለ ለማለትም የለም ለማለትም የሚያስቸግር ሰማይ ነው። ደወልኩላቸው። እንደምን አደሩ አባ አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ጠበል ነው ወይስ ዝናብ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸውም አንድ ነገር ሊሉኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ፣ ሕፃኗ እንዴት ናት አሉኝ። ደህና ናት አባ አልኳቸውና ስልኩን ዘጋን።