ሐኪም ስለ ምንሽር ምን አገባው?

በእኛ በላስታ የማይጠየቁ ነገሮች አሉ። የሰው ከብት ስንት እንደሆነ አይጠየቅም፤ ዓይን ነው። «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» የሚል ሰው ከመጣም ወይ እንግዳ ነው ወይ ሕዝብ ቆጣሪ ነው፤ እሱንም ቢሆን «እግዚአብሔር የሰጠንን ያህል» ብለን ነው የምንሸኘው። ከሁሉ በላይ ግን መሣሪያ አይጠየቅም። ሰው ቤት ገብታችሁ፣ ጠላ ተቀድቶላችሁ፣ ከራስጌው ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለውን ምንሽር ፊት ለፊት እያያችሁት እንኳ «መሣሪያ አለህ ወይ?» አትሉም። ያያችሁትን እንዳላየ ሆናችሁ ስለ ዝናቡ ታወራላችሁ። ዝናቡ ባይኖርም።

ምክንያት አለን። እስከ ዛሬ ስለ መሣሪያ ሲጠይቅ ያየሁት ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ መሣሪያውን ሊወስድ የሚጠይቅና ባለቤቱን ከነመሣሪያው ሊወስድ የሚጠይቅ። ሦስተኛ ዓይነት ሰው መኖሩን ያወቅሁት ዘንድሮ ሆስፒታል ሄጄ ነው።

ሐኪሙ ልጅ ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ገና አንድ ክረምት እንኳ ከእኛ ጋር ያልከረመ፣ በሽተኛ ሲገባ ተነሥቶ ወንበር የሚያስጠጋ ጨዋ ልጅ። ታዲያ እንቅልፍ እምቢ ያለውን፣ እህል ያስጠላውን፣ ልቡ የከበደውን ሰው ሁሉ «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ወሬው ቅዳሜ ገበያ ዋለ። «ሐኪም ስለ ምንሽር ምን አገባው?» ተባለ። «መድኃኒት አልቆበት ጥይት ሊያዝልን ነው እንዴ?» ያለም ነበር።

ወረፋ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። መሣሪያ ያለው ሰው «የለኝም» ይላል፤ ይፈራላ። የሌለው ደግሞ «አለኝ» ይላል፤ ያፍራላ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ነርሷ እየሰማች፣ ባዶ ቤት እንዳለው ለለጋ ልጅ እንዴት ይናገር? ከአጠገቤ የተቀመጠው፣ ከፍላቂት የመጣ ሰውዬ በዕድሜው ከዱላ ሌላ ጨብጦ እንደማያውቅ ሚስቱ ነግራኛለች። ገብቶ ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ «ሁለት አለኝ አልኩት» አለ።

«ሁለተኛው ደግሞ የማነው?» አለችው ሚስቱ።

«ዝም በይ። የመጀመሪያውስ የማን ሆነና?»

እንግዲህ የሐኪሙ መዝገብ ተገልብጦ ቢነበብ አንድም ስሕተት የለበትም።

እኔ ግን እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጥኩት ለመሳቅ አልነበረም። ባለቤቴን ይዤ ነው የሄድኩት። ሞላ ይባላል፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ ሞላ ነው የምለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ በበቅሎ እየጫነ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። የማያውቀው ቋንቋ የለም ይባልለታል፤ እውነቱን ለመናገር በሁሉም ቋንቋ የሚያውቀው «ቀስ» እና «አይዞህ» የሚሉትን ብቻ ነው፤ ለበቅሎ መንገድ ደግሞ ይበቃል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ እንግዳው ቀረ። ጦርነቱ ሲሄድም እንግዳው አብሮ የሄደ ይመስል አልተመለሰም። በቅሎዋም አርጅታ ሞተች። አያ ሞላ ከደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መንገድ ማየት ጀመረ። መጀመሪያ እንግዳ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። እየቆየ ሳየው ግን ምንም የሚጠብቅ ሰው አይመስልም።

ዝምታው አላስፈራኝም፤ ዝምታ እኔም አላጣሁ። ያስፈራኝ ነገሩን ሁሉ በሥርዓት ማድረጉ ነው። የተዋሰውን ሞፈር መለሰ። የመሬቱን ደብተር የት እንዳስቀመጠው ሁለት ጊዜ አሳየኝ። ለጥምቀት ብቻ ይወለውለው የነበረውን የአባቱን ምንሽር በአዘቦት ቀን እያወረደ መወልወል ጀመረ። አንድ ማክሰኞ ደግሞ ወጥ እያማሰልኩ ሳለ ከኋላዬ መጥቶ ቆመና «ይቅር በይኝ» አለኝ። የቅበላ ሰሞን ቢሆን ደግ፤ ሰው ይቅር የሚባባልበት ጊዜ ነው። ሊቆርብ ቢሆንም ደግ። ቅበላ ካለፈ ሰንብቷል፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው። አፌ እንደለመደው «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለ፤ እጄ ግን ማማሰያውን ጣለ።

ሐሙስ ሆስፒታል ወሰድኩት። በምን አሳብቤ እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ፤ በጨጓራ ነው። የእኛን ወንድ ልብህ ተሰብሯል ብትሉት አይነሣም፤ ጨጓራህ ነው ስትሉት ግን ራሱ ቀድሞ ይወጣል።

ሐኪሙ ስለ ሆዱ ጠየቀው። አያ ሞላ ሰገራው ምን እንደሚመስል እኔም ነርሷም እያለን፣ ምንም ሳያፍር፣ ከነመልኩ ነገረው። ስለ እንቅልፉ ጠየቀው። «እንቅልፍ የወጣት ነው» አለ። «መኖር ያስጠላዎታል አባቴ?» ሲለው ግድግዳ ግድግዳውን እያየ «ያልሰለቸው ማን አለ ብለህ ነው ልጄ?» አለው። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ።

«ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?»

«የለም» አለ አያ ሞላ፤ እንደ ንጹሕ ሰው።

ሐኪሙ ጻፈ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ለእንዲህ ያለው ነገር የሚሆን ትምህርት እስከዚያ ድረስ አልደረሰልኝም። ባሌን በሰው ፊት ውሸታም ባደርገው፣ ቤት ስንገባ ከማዘን አልፎ ይዋረዳል፤ ለተዋረደ ሰው ደግሞ ያ ምንሽር የባሰ ቅርብ ነው። ዝም ብል ደግሞ ከራስጌው አለ። ከጓዳ እስከ ምሰሶው ስድስት እርምጃ ነው፤ በዚያ ሰሞን ስንት ጊዜ እንደለካሁት እኔ ነኝ የማውቀው። በልቤ እመቤቴን ተማጸንኳት። ወዲያው ነርሷ ደም ይስጥ ብላ አያ ሞላን ይዛው ወጣች። እመቤቴ የምትረዳው አንዳንዴ በነርስ በኩል ነው።

«ዶክተር፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ» አልኩት በሩ ሲዘጋ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሺ እናቴ።»

«ባሏ ቁርጥ አያ ሞላን ነው። እሱም የለኝም ይላል። ግን አለው።»

«የት ያስቀምጠዋል?»

«ከራስጌው።»

«ጎረቤትዎ ፈርታለች?»

«በጣም ፈርታለች።»

«እውነቷን ነው» አለኝ። ከዚያ ለጎረቤቴ የሚሆነውን ምክር አንድ በአንድ ነገረኝ። መሣሪያው ሰውየው እስኪሻለው ከቤት ይውጣ፤ የሚያምኑት ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን። ጎረቤትዎ ያስፈራትን ነገር በግልጽ ትጠይቀው፤ መጠየቋ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይውሰድ፤ በሳምንቱ ይምጣ፤ ከባሰበት ግን ቀጠሮ አይጠብቅ። የጎረቤቴ ባል መድኃኒትም በአያ ሞላ ስም ተጻፈልኝ።

ስወጣ ያ የገበያው ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ሐኪም ምን አገባው የተባለው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ምንሽሩን ፈልጎ ነው። ይህ ልጅ የፈለገው ሞላን ነው። ለዚህ ለዚህማ ይጠይቅ፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ይጠይቅ፤ አንዱን ጊዜ ባል ደም ሊሰጥ ሲወጣ።

ምክሩ መልካም ነበር፤ የጎደለው ከአንድ የላስታ ወንድ ምሰሶ ላይ ምንሽር እንዴት እንደሚወርድ ብቻ ነው። ብደብቀው ሌባ ገባ ብሎ አገር ይጠራል። ሽማግሌ ብልክበት ወሬው እስከ ወልድያ ይሰማል። ሳስበው ሳስበው ምንሽር ከቤት በክብር የሚወጣበት አንድ መንገድ አገኘሁ። ሰርግ! ለሙሽራ አጀብ መሣሪያውን አውሰን የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ መጠየቁም ያኮራዋል። ከቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ ስመለስ ኩልመስክ ላለው ወንድሜ ለፈንታው ደወልኩለት። ሁሉን ነገርኩት።

«ምን ብዬ ልጠይቀው ታዲያ?» አለኝ።

«ለሰርግ ነው በለው።»

«አንቺ እኮ ብልህ ነሽ» አለኝ።

ይህን ስንባባል እኔም እሱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንጾም ሰዎች ነን። ልብ አላልነውም።

ሰኞ ፈንታው መጣ። የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ስለ ገብሱ አወራ፤ ስለ ከብቱ ሳይቆጥር አወራ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ ሞላ፣ ያን ምንሽርህን ለጥቂት ቀን ብታውሰኝ። ሰርግ አለብኝ።»

«የማን ሰርግ?»

«የጎረቤቴ ልጅ ነው።»

ያ ሰሞን ጎረቤት የማይሆንልን ነገር አልነበረም።

አያ ሞላ ወደ እኔ ዞረ። «ዛሬ ጾሙ ስንተኛው ሳምንት ላይ ነው?»

«መጻጉዕ ገብቷል» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ነን፤ በላስታ ምድር በዐቢይ ጾም ያገባ ክርስቲያን አይታወቅም። ፈንታው ጣራውን አየ። እኔ እግሬን አየሁ። በዋዜማው፣ እሑድ፣ ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የኖረው በሽተኛ ሲነበብ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ሰምቼ ነበር። ጌታ እንኳ ሳይፈውሰው በፊት «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ጠይቆታል፤ ሰውየው ግን የተጠየቀውን ትቶ ሰው የለኝም ነው ያለው። አያ ሞላ ግን ሁለት ሰው ነበረው፤ ሁለታችንም ውሸት የማንችል።

አያ ሞላ ተነሣ። ወደ ምሰሶው ሲሄድ እኔም ተነሣሁ። ምንሽሩን አወረደ፤ ጥይት አለመጉረሱን አየ፤ ለፈንታው በሁለት እጁ ሰጠው። ከሣጥኑ ሥር ጥይቱንም አወጣ።

«እንካ፤ ይሄንንም ውሰደው። ተኩስ የሌለው ሰርግ አይደምቅም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ፈንታው።

«ሙሽራውን ግን ሥጋ እንዳይበላ ንገሩት» አለ አያ ሞላ።

ፈንታው ምንሽሩን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ሰርጉ የሚያመልጠው ነበር የሚመስለው።

ሁለታችን ቀረን። አያ ሞላ ባዶውን ምሰሶ እያየ «ልጅ መሰልኳችሁ?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቆይቶ ደግሞ «ፈርታችሁልኝ ነው?» አለ። «አዎ» አልኩት፤ ሐኪሙ በግልጽ ጠይቂው ያለውንም ያን ጊዜ ጠየቅሁት። መለሰልኝ። የመለሰልኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የእኔና የእሱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አብረን በላን፤ እሱ ከሦስት ጉርሻ አላለፈም፤ ከወትሮው አንድ ጉርሻ ይበልጣል።

በቀጠሯችን ቀን ሄድን። ድኗል አልላችሁም፤ መድኃኒቱም ጊዜ ይፈልጋል ተብሏል። ግን መንገድ ላይ ያለፈችውን የሰው በቅሎ አይቶ «ጭነቷ አጋድሏል» ብሎ ባለቤቷን ተቆጥቷል። እኔ ለዚያች ቁጣ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ሐኪሙ ጠየቀ፤ ስለ እህሉ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ልቡ። ከዚያ እንደ ልማዱ «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?» አለ።

«አለኝ» አለ አያ ሞላ። «ግን ሰርግ ሄዷል።»

«ሰርግ? በጾም?»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው ልጄ።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ፤ ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጨረስን መስሎኝ ነጠላዬን ሳስተካክል ሐኪሙ ወደ እኔ ቀና አለ።

«እርስዎስ እናቴ? እንቅልፍ አለዎት?»

እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል ብዬ ስላልጠበቅሁ መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። «ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ጻፈው።

«ውሸቷን ነው» አለ አያ ሞላ።

ዞሬ አየሁት።

«ውሸቷን ነው ዶክተር። ዓይኗን አትከድንም። የተኛሁ እየመሰላት ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ከሰኞ ወዲህ እንኳ አልተኛችም።»

እሱን በሰው ፊት ላለማዋረድ ያልነበረች ጎረቤት ፈጥሬ፣ ያልነበረ ሰርግ ደግሼ፣ ወንድሜን ከኩልመስክ ያስመጣሁት ሴትዮ፣ በገዛ ባሌ፣ ነርሷ እየሰማች፣ ውሸታም ተባልኩ። ሊከፋኝ ይገባ ነበር። ግን በዚያ ዝምታው ሁሉ ውስጥ እኔን ያየኛል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበርና፣ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።

ሐኪሙ «ደህና» ብሎ የጻፈውን ሰረዘና ከጎኑ ሌላ ነገር ጻፈ። ምን እንደሆነ ለማየት አንገቴን አሰገግሁ። የሐኪም ጽሑፍ ነው፤ አልተነበበልኝም።