ጓድ ሥነ ሥርዓትና የአባቴ ክኒን

በዚህ አገር ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አራተኛው «ሥነ ሥርዓት!» ባይ ነው። ዕድር በሉት፣ ማኅበር በሉት፣ የቀበሌ ስብሰባ በሉት፣ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ሌላውን ሳይከስ የማይውል አንድ ሰው አይጠፋም። ሲወለድም አዋላጇን ተራ ሳያስጠብቅ አልቀረም። እናንተም ታውቁታላችሁ። የእኛው፣ የደብረ ታቦሩ፣ ጓድ ደምሴ ይባሉ ነበር።

ክቡር ጓድ ደምሴ የቀበሌያችን የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ነበሩ። ለዚህ ሹመት ያበቃቸው ዓይናቸው ነው። እሑድ እሑድ ቅዳሴው ሳያልቅ በምንጠራበት አዳራሽ፣ በሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ተሰይመው ማን እንዳዛጋ፣ መፈክር ሲባል ማን ከንፈሩን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ ሲለቅሙ ይውላሉ። ከዚያ ብድግ! «ሥነ ሥርዓት! ይመዝገብልኝ!» ጎረቤታችን ብዙነሽ ጉንፋን ይዟት ሦስት ጊዜ ብታስነጥስ «ንግግር በማደናቀፍ» አስመዘገቧት። አንድ ቀን ዶሮ ዘው ብላ ብትገባም «ሳትጠራ የተገኘች» ብለው አስጽፈዋል።

ጸሐፊዋ ማን መሰለቻችሁ? እኔ ነኝ። አስተማሪ ስለነበርኩ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ተባልኩና ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። ዶሮዋንም ጽፌአታለሁ።

በ1973 ዓ.ም. አባቴ አቶ ዘውዱ ራሱን እያመመው ጤና ጣቢያ ሄደ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዞ እየዋለ የሐኪም መርፌ የሚፈራ ሰው። ደግነቱ መርፌ አልታዘዘለትም። ደም ብዛት ነው ተባለና ሁለት ዓይነት ክኒን ተሰጠው። ነርሷ፣ እህት ጌጤ፣ ሁሉንም አስረዳችው።

«ሽንት ያመላልስዎታል አባባ። አፍዎ ይደርቃል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል። ድንገት ከተነሡ ደግሞ ያዞርዎታል፣ ስለዚህ ቀስ ብለው ይነሡ። እየለመዱት ሲሄዱ ይቀንሳል። ብቻ እንዳያቋርጡት፣ አደራ!»

እህት ጌጤ ምን ታድርግ፤ ይህ የዘረዘረችው ሁሉ በእኛ አዳራሽ ወንጀል መሆኑን አላወቀችም።

በመጀመሪያው እሑድ አባቴ ሦስት ጊዜ ወጣ። የጉና ተራራ ብርድ ብቻውን ሰው ያመላልሳል፣ ክኒን ሲጨመርበት አስቡት። ለሦስተኛ ጊዜ ወጥቶ ሲመለስ ጓድ ደምሴ በሩ ላይ ጠበቁት።

«ሥነ ሥርዓት! ጓድ ዘውዱ ስለ ምርት ዘመቻ እየተነገረ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ረግጦ ወጥቷል! ይመዝገብልኝ!»

«ኧረ ሽንት ነው!» አለ አባቴ፣ ቀበቶውን እንደያዘ።

«አብዮቱ ለሽንት አይቆምም!»

ሰው ሊስቅ አሰበና ፈራ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ።

በሁለተኛው እሑድ ከአውራጃ የመጣ እንግዳ ሲናገር አባቴ አንኮራፋ። ጻፍኩ። ሦስተኛው ግን የባሰ ነበር። መፈክር ሲጀመር ከሰው እኩል ቢነሣ ጊዜ አዞረው፤ እንዳይወድቅ አግዳሚውን በግራ እጁ ሲይዝ ወደ ላይ የወጣው ቀኝ እጁ ሆነ። ሁሉም ግራውን ባነሣበት አዳራሽ ጓድ ደምሴ «ቀኝ!» ብለው ሲጮኹ ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ። ከቀበሌ የምናገኘው የአንድ ወር ስኳርና ሳሙናችን ታገደ። «ከተደገመ ለበላይ አካል እናስተላልፈዋለን» ተባለ። በዚያ ዘመን የበላይ አካል የወሰደው ሰው መመለሱን እንጃ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ እሑድ ክኒኑን ተወ። ረቡዕ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ስብሰባ አለ፤ ተወ። ዓርብ የውይይት ክበብ መጣ፤ እሱንም ተወ። «በማግሥቱ እጥፍ ውጬ አካክሰዋለሁ» ይላል፣ ማኅበሩ ውስጥ የጎደለ ሸሚዝ እንደሚካካሰው። እናቴ ጥሩወርቅ ለምና ለምና ሲያቅታት «አንተ ሰው፣ ይሄ እኮ ኋላ የምትተክለው ቁልፍ አይደለም!» ብላ አለቀሰች። አልሰማትም። የፈራው ለራሱ ብቻ አልነበረም፤ እሱ ቢወሰድ እኔም ከሥራዬ እንደምባረር ያውቅ ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ እሑድ አራት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ ሳይል ተቀመጠ። አልወጣም፣ አላንቀላፋም። ለመፈክሩም ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። ጓድ ደምሴ ደስ አላቸውና «የጓድ ዘውዱ መሻሻል ይመዝገብልኝ!» አሉ። ይህንንም ጽፌአለሁ፣ ባማረ ጽሕፈቴ።

ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ወደቀ። ግራ ጎኑ ሞተ፤ ግራ እጁ ከዚያ በኋላ ለመፈክርም ለሥራም አልተነሣም። ፍልሰታ ሲገባ ቀበርነው።

ጓድ ደምሴን ጠላኋቸው። ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ፊቴን አዞርኩባቸው።

ከአርባው በኋላ የተረፈውን ክኒን ለእህት ጌጤ ልመልስ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያንን ሁሉ በሽተኛ ተራ ለማስያዝ የሚበቁት ጓድ ደምሴ ግድግዳ ተጠግተው፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተሰልፈዋል። እጃቸው ላይ ያለው ብልቃጥ ከአባቴ ብልቃጥ ጋር አንድ ነው።

«እርስዎም?» አልኳቸው።

«አምስት ዓመቴ።»

«ታዲያ ስብሰባውን እንዴት ይችሉታል?»

«እሑድ አልውጠውም» አሉና ብልቃጡን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ። «የምጮኸው እኔን እንዳያዩኝ ነው፣ ልጄ። የሚጮህን ሰው ማን ያያል? አባትሽ ሽንቱ መሆኑን እያወቅሁ ነው… እያወቅሁ…» እንባቸው ጋቢያቸው ላይ ወረደ።

በጥፊ ልላቸው እጄ ተነሥቶ ነበር። ግን እኔስ? ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ከውሃ ጋር እያቀበልኩ፣ እሑድ ክሱን የምጽፈው እኔ አልነበርኩም? ምን ብዬ ልምታቸው?

በቀጣዩ እሑድ ሊቀመንበሩ እየተናገረ ሳለ ጓድ ደምሴ ተስፈንጥረው ተነሡ።

«ሥነ ሥርዓት!»

ሁላችንም ራሳችንን ፈተሽን፤ ማን አዛጋ?

«ጓድ ደምሴ ሊወጣ ነው! የደም ብዛት ክኒኑን ዛሬ ጠዋት ውጧል፣ ሽንቱ መጥቷል። ይመዝገብልኝ!»

ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቋረጠ። ጓድ ደምሴ ወደ በሩ አንድ እርምጃ እንደተራመዱ ተንገዳገዱ። መዝገቡን ጥዬ ሮጥኩና ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ቀስ ብለው ይነሡ ተብሎ የለ!» አልኳቸው። እየደገፍኩ ወሰድኳቸው።

ከኋላችን ብዙነሽ ተነሣች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሌላ፣ ሰባት ሆኑ። ለካ ይህ ሁሉ ሰው ሽንቱን ይዞ ኖሯል! ሽንት ቤቷ ደግሞ አንዲት ናት፤ ግፊያ ተነሣ። ጓድ ደምሴ ክንዴን እንደያዙ «ሥነ ሥርዓት! በተራ!» ብለው ጮኹ። እግዜር ይይላቸው፣ ሳቄ መጣ። ከአባቴ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ተመልሼ ስቀመጥ ሊቀመንበሩ ያየኛል። መዝገቡን ገልጬ «ጓድ ደምሴ ለሽንት ወጥተው ተመልሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት መስመር ናት። የጠየቀኝም፣ የከሰሰኝም የለም።

ለአባቴም ይቺኑ መጻፍ እችል ነበር። መዝገቡ ያው መዝገብ፣ ብዕሩም ያው ብዕር ነበር።