ፎሶሊያ ጅግጅጋን በወረረ ጊዜ አቶ ኃይለልዑል ያደረጉት ዘመቻ

ወንጌላዊው ማርቆስ በሚመራው በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ጡረታቸው በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ፍልሰታና ረመዳን እንደ ሁለት እንግዶች ተከታትለው ገብተው የጅግጅጋን ሕዝብ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ባስጾሙበት ወራት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠብቀው አንዲት ሚስማር ያልጎደለባቸው፣ ዕቃ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቅጽ የሚያስገቡ፣ በሞዴል ሃያ ሁለት ቅጽ የሚያስወጡ፣ ጢመ መልካሙ አቶ ኃይለልዑል በገዛ ጓሯቸው የተዋጉትን ጦርነት፣ ድል የሆኑበትንም ድል ያደረጉበትንም፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን።

የጦርነቱ መነሻ እንዲህ ነው። በሰኔ ወር ከገበያ አንድ ከረጢት የፎሶሊያ ዘር ገዝተው ገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሐና፣ የቤቱ እመቤት፣ የወጥ ሁሉ ዳኛ፣ «ለሁለት ሰው ሁለት መደብ ይበቃል» ብለው ፈርደው ነበር። አቶ ኃይለልዑል ግን «የተከፈተ ከረጢት ጎዶሎ ንብረት ነው፤ በእኔ ግምጃ ቤት አያድርም» ብለው አወጁና፣ ጽጌረዳውን ነቅለው፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ አንስተው፣ ከአጥሩ ሥር እስከ ሽንት ቤቱ በር ድረስ ከረጢቱ እስኪራገፍ ዘሩት። ሰማዩም በዚያ ክረምት አልሰሰተም።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ነሐሴ ሲገባ ፎሶሊያው ተነሣ። ክፉ ጠላት ነው፤ ሲለቅሙት ይበረታል፣ ቢተዉት ይከራል፣ በዝናቡም ይበሰብሳል። አቶ ኃይለልዑልም ሠራዊታቸውን አስከትለው ወጡ፤ በቀኝ ሰማያዊው ሳፋ፣ በግራ እጀታው የተሰበረው ባልዲ፣ በመካከል የማዳበሪያ ጆንያዎች፣ በደጀን ቁጥሩ የማይታወቅ ፌስታል። ሳፋው ሞልቶ ተማረከ፣ ባልዲው ተማረከ፣ ጆንያዎቹ እጃቸውን ሰጡ፤ ፎሶሊያው ግን ገና ከአጥሩ በላይ ይንዠረገግ ነበር። ወይዘሮ ወለተሐና «ታዲያ ንቀለዋ!» ቢሏቸው፣ «ንብረት ያለ አስወጋጅ ኮሚቴ አይወገድም» ብለው መለሱ።

ስለዚህም ወይዘሮ ወለተሐና ፍልሰታን ፎሶሊያ በካሮት ብለው ያዙ፤ ቀጥለው ፎሶሊያ በድንች፣ ቀጥለው አልጫው፣ ቀጥለው ቀዩ፣ በመጨረሻም ፎሶሊያ በፎሶሊያ ሠሩ። በዚያን ዕለት ማማሰያቸውን ጥለው ደጃፋቸው ላይ ቆሙና ሰፈሩ እንዲሰማ አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከእንግዲህ አንዲት ፎሶሊያ የዚህን ቤት ደፍ ብትሻገር፣ እኔ ድሬዳዋ እህቴ ዘንድ ሄጄ ጾሜን እዚያ ጨርሼ እፈታለሁ። ምስር በሚበላበት ቤት!» ይህንንም ብለው የጉዞ ቦርሳቸውን ከቁም ሣጥን ላይ አወረዱ። አቶ ኃይለልዑል ደነገጡ፤ ከተጋቡ ጀምሮ በዓልን ተለያይተው ውለው አያውቁምና።

ያን ጊዜ ከአጥር ማዶ ያሉትን ወዳጃቸውን አቶ ዋርሳሜን አሰቡ። አቶ ዋርሳሜ የግመል ደላላ፣ ቃለ ብርቱ፣ ማታ ማታ ወንበራቸውን ከአጥሩ አስጠግተው ከአቶ ኃይለልዑል ጋር አንድ ሬዲዮ የሚሰሙ ሰው ናቸው። አንድ ሳፋ ሙሉ ቢሰጧቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው «አላህ ይስጥህ፣ ወንድሜ» አሉ። በማግሥቱም ሌላ ሳፋ፣ በማግሥቱም ሌላ። አቶ ኃይለልዑል ደስ ብሏቸው ምርቃታቸውን ሊቀበሉ ወንበር ላይ ወጥተው በአጥሩ ላይ ቢመለከቱ፣ የአቶ ዋርሳሜ ፍየሎች ሳፋውን ከበው እንደ መኳንንት ሲመገቡ አዩ።

ልባቸው ቆሰለ። ከወንበሩ በክብር ወረዱና ባሉበት ሆነው አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አጥር ላይ ሰላምታ ቀርቷል!» አቶ ዋርሳሜም ከማዶ መልሰው አወጁ፦ «ኃይለልዑል፣ ምን ያስቆጣሃል? እኛ ቅጠሉን ለፍየል እንሰጣለን፣ ፍየሏን እንበላለን። ስጦታህ መንገድ ላይ ነው፣ ወላሂ!» ይህ ቃል ግን ቁስሉን አላሻረውም። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሁለቱ ወንበሮች ለአጥሩ ጀርባቸውን ሰጡ፤ ሁለት ሬዲዮም አንዱን ዜና በሁለት ግቢ አወራ።

አቶ ኃይለልዑልም «በከተማዬ ብናቅ በቀብሪበያ እከበራለሁ» ብለው ፎሶሊያውን ሊሸጡ ወደዚያች ጎረቤት ከተማ ዘመቱ። ጆንያዎቹን እንዳይጠወልጉ በእርጥብ ቅጠል ሸፍነው ሚኒባስ ላይ ጫኑ። ከሰዓት በኋላ ቀብሪበያ ሲደርሱ፣ ለማታው የሚሸጡትን ጫት የሚጠብቁ ሴቶች አረንጓዴውን ቅጠል ከሩቅ አይተው «መጣ! መጣ!» እያሉ ሚኒባሱን ከበቡት፤ ጆንያውንም ተሻምተው አወረዱት፣ ፈቱትም። ዐዎ የተባሉ አሮጊት አንዷን ፎሶሊያ አንስተው አሸተቷትና፣ «አባባ፣ ይሄን የሚቅም ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ኃይለልዑልም «ይቀቀላል እንጂ አይቃምም» ብለው በሕዝቡ ፊት መሰከሩ። ሳቁ እስከ ከብት ገበያው ተሰማ። በዚያው ሚኒባስ፣ በዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ተመለሱ።

ሲመለሱም ጆንያዎቹን በደጃቸው አራግፈው፣ ደፉን እንዳያሻግሩ አዋጁን ፈርተው፣ ብቻቸውን ገብተው ከድካም ብዛት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወይዘሮ ወለተሐና ጆንያዎቹን ባዩ ጊዜ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ።

ከማዶ ደግሞ የአቶ ዋርሳሜ ባለቤት ወይዘሮ ፋይሶ፣ በረመዳን ከበራቸው ሥር ሳምቡሳ የሚጠብሱት፣ ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። ወይዘሮ ፋይሶ ስንት ዘመን ሙሉ በየረመዳኑ ለጎረቤታቸው የሚልኩት ተምር ብቻ ነበር፤ የእስላም ሥጋ የገባበትን ሳምቡሳ ወይዘሮ ወለተሐና አይበሉምና። በሶማሊኛ እህቴ ብለው ጠሯቸው፦ «አባዮ! ድሬዳዋ አትሸሽም። ቦርሳሽን አስቀምጪና ቢላ ያዢ።» ከጓዳም አዲስ መጥበሻና ገና ያልተከፈተ ዘይት አምጥተው አሳዩና፣ «ሥጋ አልነካውም። ዐይንሽ እያየ እከፍተዋለሁ» አሉ። ወይዘሮ ወለተሐና መጥበሻውን አዩ፣ ወይዘሮ ፋይሶን አዩ፤ ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው በላዩ ተቀመጡበት። ፎሶሊያውን ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አድቅቀው ከተፉ፣ ጠቀለሉ፣ ጠበሱ። ይህም ሁሉ ከደፉ ውጭ ሆነ፤ አዋጁም አልተሻረም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አቶ ኃይለልዑል ነቅተው ቤቱን ባዶ አገኙት፤ የጉዞ ቦርሳውም አልነበረም። «ሄደች!» ብለው በአንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ባዶ እግራቸው ወደ መንገድ ሮጡ። ባለቤታቸውን በማዶ በር ሥር እስከ ክንዳቸው ዱቄት ለብሰው አገኟቸው።

አዛን አለ። አቶ ዋርሳሜ በተምር አፍጥረው ከትሪው አንድ ሳምቡሳ አነሱና ጎረሱ፤ ማኘካቸውንም አቆሙ። ወይዘሮ ፋይሶ ሰማይ ሰማይ አዩ። አቶ ዋርሳሜ ግማሹን ገልጠው መረመሩትና «ቅጠል ነው» አሉ። የቀረውን ጎረሱት፣ ሌላም አነሱ። ወይዘሮ ወለተሐናም አማትበው ከዚያው ትሪ አነሱ፤ ሁለቱ ቤቶች ከአንድ ትሪ ሲበሉ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አቶ ዋርሳሜም ከምንጣፉ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁና፣ «ኃይለልዑል፣ ቆመህ አትየኝ። ተቀመጥ» አሉ።

አቶ ኃይለልዑልም ተቀመጡ።

እንግዲህ በሳፋ የዘመቱትን፣ በፍየል የተፈተኑትን፣ በቀብሪበያ አደባባይ እውነቱን ያልካዱትን፣ በአንድ ነጠላ ጫማ የወዳጅ ምንጣፍ ላይ የደረሱትን አቶ ኃይለልዑልን ከጀግኖች ማን ይተካከላቸዋል? ዕድሜያቸው ይርዘም፣ ጎረቤታቸው ይብዛ፣ ፎሶሊያቸው ግን ይነስ። አሜን፤ በማዶም አሚን።