ረጅም ዕድሜና የሁዳዴ እንቁላል

ዕድሜ ለማርዘም ቆርጦ የተነሳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጌትነት እንዲህ ነው። ከሞጣ ወደ ቢቸና የመጣ አድቬንቲስት ነው፤ ሰውነት ቤተ መቅደስ ነው ብሎ ሥጋም ቡናም አይቀምስም። መልካም። ግን ሰባኪ ጊዜ አይመርጥም? በሁዳዴ፣ ከተማው ሁሉ ሽሮ በሚበላበት ሰሞን፣ ዘጠናን የተሻገሩትን አያ ተገኘን ሥጋ ተዉ እያለ ይሰብካቸዋል። በእጁ ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል ይዟል።

«ሥጋ የተወ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፣ አያ።»

አያ ተገኘ እንቁላሉን አዩት። «እኛማ እሱንም ትተናል፣ ልጄ።»

«እንግዲያው የዕድሜዎ ምሥጢር ይኸው ነዋ።»

«ረጅም ዕድሜ ለምኜ እንኳ አላውቅም» አሉ። «ጾም በገባ ቁጥር፣ ለዶሮ ወጡ አድርሰኝ እላለሁ። ይኸው እስካሁን ሲያደርሰኝ ኖረ።»