ኮቹ ለቅሶ ሄዷል

እኛ ሰፈር «እምቢ» ማለት የሚችሉት ሕፃናትና ወያላዎች ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን «እሺ» እንልና መንገድ ላይ እንማረራለን። ይሉኝታ ነዋ! እናንተም እንደዚያው ናችሁ፤ አትካዱ።

የጎረቤቴ የእትዬ ዘነበች ሴት ልጅ ሳሚ በዚሁ በሽታ ከኮሌጅ ልትባረር ነበር። ጭንቅላት አላጣችም። ፈተና በደረሰ ቁጥር ግን ላፍቶ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይዳራል፣ አንዷ ትወልዳለች፤ እናቷ ደግሞ ሀይሌ ጋርመንት ካለው ሱቃቸው ስለማይነቃነቁ፣ ቤቱን ወክላ ድንኳን የምትቀመጠው እሷ ናት። ኮሌጁ «ዘንድሮ ካላሻሻልሽ ትሰናበቻለሽ» ሲላት እትዬ ዘነበች ደንግጠው ኮች ቀጠሩ።

የኳስ እንዳይመስላችሁ! ተማሪ እንዴት እንደሚያጠና፣ ጊዜውን እንዴት እንደሚከፋፍል የሚመክር ነው። ናትናኤል ይባላል፤ እሱም የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉን እየጻፈ ነው። የመጀመሪያ ቀን፣ እኔም ባለሁበት፣ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ «ሳሚ፣ ችግርሽ አንድ ነው፤ እምቢ ማለት አትችይም» አላት።

«እውነትህን ነው የኔ ጌታ» አሉ እትዬ ዘነበች ክትፎውን እያቀረቡ። «በል ብላ።»

«በልቻለሁ፣ እማማ።»

«አፈር ስሆን!»

በላ። ጨመሩለት፤ በላ። ከታች ፎቅ ለቅሶ አለ ሲባል ልጅቷ ነጠላዋን አነሳች። «አንቺ አጥኚ!» ብሎ ተቆጣት። እትዬ ዘነበች «ታዲያ ከቤታችን ማን ሊሄድ ነው?» ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት። የሰው ክትፎ በልቶ ምን ይበል? ሄደ።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ! ለቅሶ ሲሆን ኮቹ፣ ክርስትና ሲሆን ኮቹ። መካኒሳ ሠርግ ላይ ሚዜ ጎድሎ ሱፍ አልብሰውት ሳየው በሳቅ ሞትኩ። ሳሚ በሯን ዘግታ አጠናች።

አለፈች! እልል ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። ናትናኤል ግን ጽሑፉን ሳይጨርስ ዓመቱ አለቀበት። አንጀቴን በላኝ።

ባለፈው እሑድ ሥራውን ሊለቅ መጣ። በራቸው ላይ ቆሞ የሚናገረውን ሲለማመድ አገኘሁት። ሳሚ ከፈተችለት።

«ኮች፣ እማዬ አሁን ትመጣለች። ወንድሜንም አስጠናልኝ ልትልህ ነው። ሳትደርስ ሂድ፣ ጽሑፍህን ጨርስ!»

«ኧረ ነውር ነው!» አላት። «ሰላም ሳልላቸው?»

ገብቶ ተቀመጠ። ወንድምየው ከኮቹ ጋር በመስከረም ይጀምራል።