የወፈረ ልጅ ያለው ጎረቤት ቤት ነው

ደሴ ውስጥ የወፈረ ልጅ ያላት እናት የለችም። የወፈረ ልጅ ያላት ጎረቤት ግን... ምን ጠፍቶ!

ይህን የደረሰበት ስለ ልጆች ውፍረት የሚያጠና አንድ ወጣት ነው። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ቤተሰብ ፈልግ ተብሎ፣ ሚዛኑን በብብቱ ይዞ እኛ ሰፈር ሆጤ ሲንከራተት ሰነበተ። አንዷ «የኔ ልጅ አጥንቱ ነው የከበደ፤ ማዶ ሞክር» ትለዋለች። የማዶዋ ደግሞ «ማሻአላህ በል እንጂ! ይልቅ የታቾቹን አይተሃል?» ብላ ቁልቁል ትሰደዋለች። ሲወጣ ሲወርድ የከሳው እሱ ሆነ።

እኔ ግን እሺ አልኩት። ሚኪያስ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ ከፒያሳ ስንመለስ እንደ አሮጌ ሚኒባስ ያለከልካል። ጥናቱ ውስጥ የገባ ልጅ ደግሞ የልብ ምርመራ አለው። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ... የልጅ ትንፋሽ እንቅልፍ ይነሳል።

«ምን ይበላል?» አለኝ ወጣቱ።

«ሁዳዴ አይደል ልጄ? ሽሮና ጎመን ነዋ!»

ሚኪያስ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ወጣቱ ሚዛኑን አየ፤ እኔን አየ።

«ሽሮና ጎመን ብቻ?»

«ሳምቡሳውስ?» አለች ከበሩ ሃያት፣ የጎረቤቴ የሰይዳ ልጅ።

ሰይዳ የሳምቡሳዋን ስም ሰምታ ከተፍ አለች። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ለካ ልጄ ቀን ከእኔ ጋር ጾሞ፣ ማታ ከእሷ ጋር ያፈጥራል!

«ታዲያ ሕፃን እያየኝ ልዝጋበት?» አለች። «ወላሂ ጾሙን አላስፈታሁትም! የሱን ለብቻው በምስር ነው የምጠብሰው።»

እንዲህ ያለችውን ጎረቤት የሰጠኝ አምላክ ይመስገን። ጾሙ አልተፈታም፤ የተፈታው የሱሪው ቁልፍ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አበው፣ ያወፍራልም ብለው ቢጨምሩበት ምናለ!

«የእርስዎ ልጅስ?» አላት ወጣቱ።

«ሃያት ገና ልጅ ናት፤ ጾም አልደረሰባትም። ግን እኔን አይታ እስከ መግሪብ ውሃ አትቀምስም፣ ማሻአላህ።»

ሚኪያስ ብድሩን መለሰ። «ከኛ ቤት ምሳ ትበላ የለ እንዴ! ደግሞ ይጨመርላታል!»

ሰይዳ ዞራ አየችኝ። «እቴ...?»

«ራበኝ ካለችኝ ምን ላድርግ?»

ወጣቱ ሚዛኑን ማንሳት ጀመረ። «እናቶች፣ ይቅርታ። ልጇ የሚበላውን የማታውቅ እናት ጥናቱ ውስጥ አትገባም።»

ምርመራው ሊቀር ነው! ሰይዳ ግን በሩ ላይ ቆመችበት።

«አንተ ልጅ፣ ምን አስቸኮለህ? የሷን ልጅ እኔን ጠይቀኝ፤ የኔን እሷን!»

ወጣቱ አሰበ፤ ሳቀ፤ ቁጭ አለ። ሰይዳ ስለ ልጄ ስትናገር እኔም አብሬ ሰማሁ። የተደበቀ ቴምር እንኳ አልቀራትም።

ሚኪያስ ሐኪም ቤት ተመርምሮ ልቡ ደህና ነው ተባለ፣ ተመስገን! በዘይት የተጠበሰ ይቀነስ፣ መንገዱም በባጃጅ ሳይሆን በእግር ይሁን አሉን።

ባለፈው ሰሞን ወጣቱ ለክትትል ሲመለስ ሰይዳን ልጠራ ተነሳሁ። ሚኪያስ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«እማዬ፣ አንቺው ብትመልሺለት አይሻልም?»

«ለምን?»

«አንቺ ምንም አታውቂማ!»