ከመስኮቴ ሥር የምትቆመው ፓትሮል

ፖሊስ የመንግሥትን መኪና ቤቱ ይዞ ይግባ ወይስ አይግባ? እኔን ከጠየቃችሁኝ ይግባ፤ መኪናም እንደ ሰው ቤት ይናፍቃት ይሆናል። በቱሉ ዲምቱው ኮንዶሚኒየማችን ስብሰባ ላይ ግን ገና አልበሰልኩም ነበርና፣ የፖሊስ ፓትሮሏን ይዞ እየገባ ከመስኮቴ ሥር ስለሚያቆማት ጎረቤታችን ስለ ሳጅን አንስቼ፣ "ነዳጁ የሕዝብ አይደለም ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን አጨማደዱ። "እትዬ ዘውዴ፣ የዕድራችን ድንኳን የሚመላለሰው በማን መኪና ሆነና ነው? ደግሞ ቆማ ብቻ ሌባ ታባርራለች!"

ሁሉም አጨበጨቡ። ማን ማን እንዳጨበጨበ አልረሳሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሟች ባለቤቴን ጋቢ አጥቤ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ባለው ገመድ ላይ አሰጣሁት። ወጤን አማስዬ ስመለስ የቀረው ገመዱ ብቻ ነው። ከሰውየው የተረፈኝ ልብስ ያ ብቻ ነበር። ሮጬ የሳጅንን በር አንኳኳሁ።

"እማማ፣ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነኝ፤ ጣቢያ ሄደው ያመልክቱ" አለኝ።

"እንግዲያው በመኪናዋ አድርሰኛ!"

"የመንግሥት ንብረት እኮ ናት፤ ለግል ጉዳይ አይፈቀድም።"

ይህን ሲል ሚስቱ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ በመካከላችን አለፈች። ከገበያ ያመጣችውን ሽንኩርት መኪናዋ ውስጥ ረስታው ኖሯል።

በሚኒባስ ተጋፍቼ ጣቢያ ደረስኩ። ተረኛው ፖሊስ ቃሌን በትሕትና ተቀበለኝ። "እማማ፣ አሁኑኑ መጥተን ቦታውን ብናይልዎ ደስ ባለን፤ ችግሩ መኪና የለንም" አለኝ።

"አይዞህ ልጄ" አልኩት፤ "መኪናችሁስ ከሌባው ቀድማ ደርሳለች። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።"